“አሥር ሜጋ” ስንት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች የደረሱኝን ደብዳቤዎች ለብቻ ሰብስቤአቸዋለሁ። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ ሥራቸውም አይገናኝም። አንዱ ሠርግ ይቀርጻል፣ አንዷ ታስተምራለች፣ አንዱ የቅኔ ተማሪ ነው። የሁሉም ጥያቄ ግን ዞሮ ዞሮ የመረጃ ማስተላለፊያ ፍጥነትን ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው መመንዘር ላይ ያርፋል። እኔ ደግሞ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የማስተላለፊያ ጣቢያ ስጠብቅ ያረጀሁ ቴክኒሻን ነኝና እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስጎመጀኛል። አንዳንዱ መልስ ቢረዝም አትቀየሙኝ።

ከቡሬ፣ የፎቶና የቪዲዮ ቤት ባለቤት

“ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለሥራዬ የ10 ሜጋ መስመር አስገብቻለሁ። በየወሩ የምከፍለው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ፋይል ሳወርድ ግን ኮምፒውተሩ የሚያሳየኝ 1.13 ሜጋ ብቻ ነው። በስልኬ የፍጥነት መለኪያ ስሞክረው ደግሞ 9 ነጥብ ምናምን ይላል። የቱን ልመን? የሠርግ ቪዲዮ፣ 4 ጊጋ የሚሆን፣ አዲስ አበባ ላለ አቀናባሪ ለመላክ ማታ አስጀምሬው የሚያልቀው ሲነጋ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ የት ገባ? ልከስ ነው።”

ወንድሜ፣ ክሱን ለጊዜው አቆየው። ዘጠኙ የትም አልገባም። ቡሬ ገበያ ነጋዴው በጣሳ ሰፍሮ የሸጠልህን ጤፍ ቤትህ ገብተህ በቁና ብትሰፍረው ቁጥሩ ያንሳል፤ ጤፉ ግን አልጎደለም። ያየሃቸው ሁለት ቁጥሮችም አንዱ መስመር በሁለት መስፈሪያ ሲሰፈር የወጡ ናቸው።

የመስመር ፍጥነት የሚለካው በቢት ነው። ቢት የመረጃ ሁሉ ትንሹ ነው፤ ወይ ዜሮ ወይ አንድ። የፋይል መጠን የሚለካው ግን በባይት ሲሆን አንዱ ባይት 8 ቢት ይይዛል። “10 ሜጋ” ብሎ የሸጠልህ ሰው 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ማለቱ ነው፤ በየሰከንዱ 10,000,000 ቢት። ይህን ለ8 አካፍለው፤ 1,250,000 ባይት፣ ወይም 1.25 ሜጋ ባይት በሰከንድ ታገኛለህ። የስልክህ መለኪያ የሚናገረው በሜጋ ቢት ነው፤ የኮምፒውተርህ የማውረጃ መስኮት የሚናገረው በሜጋ ባይት ነው። ሁለቱም አልዋሹህም።

በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለቱን የሚለያቸው የአንዲት ፊደል ቁመት ብቻ ነው፤ ትንሿ “ቢ” ቢት ናት፣ ትልቋ “ቢ” ባይት ናት። ሻጭ ብዙውን ጊዜ ስምንት እጥፍ የሚበልጠውን ቁጥር በትልቁ ያትምና መለኪያውን ከሥሩ በደቃቃ ፊደል ያስቀምጠዋል። ይህ ሕገ ወጥ አይደለም፤ በቴሌኮም ዓለም ፍጥነት ከጥንት ጀምሮ በቢት ነው የሚነገረው። እኔን ግን ሁልጊዜ ያበሳጨኛል።

አሁን “1.25 ከሆነ እኔ ለምን 1.13 አያለሁ?” እንደምትለኝ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም እስከ መጨረሻው አሃዝ ይደርሳል። መረጃው በመስመሩ ላይ የሚጓዘው ተቆራርጦ ነው። በተለመደው የኢተርኔት (ኮምፒውተሮችን በሽቦ የሚያገናኝ ሥርዓት) አሠራር አንዱ ሙሉ ቁራጭ ከዋናው ፋይልህ 1,460 ባይት ይይዛል። ከዚያ ወዲህ የላኪና የተቀባይ አድራሻ፣ የቅደም ተከተል ቁጥር፣ ስሕተት መፈተሻ፣ ከፊት የሚቀድም ማንቂያና ከኋላ የሚተው ክፍተት ይጨመሩና ቁራጩ በሽቦው ላይ የ1,538 ባይት ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ከከፈልህበት ፍጥነት ለፋይሉ የሚደርሰው 95 ከመቶ ያህል ነው። የስልክህ መለኪያ 10 ሳይሆን 9 ነጥብ ምናምን ያለህ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሒሳቡ 9.49 ያወጣል። ለ8 ሲካፈል 1,186,000 ባይት ግድም ይመጣል። ብዙ የኮምፒውተር ፕሮግራም ደግሞ “ሜጋ ባይት” ሲል 1,000,000 ባይት ማለቱ አይደለም፤ 1,048,576 (1,024 በ1,024) ማለቱ ነው። አካፍለው። 1.13 ነው። መስመርህ በማውረድ በኩል አንዲት ቢት አልጎደለበትም፤ እንዲያውም እንዲህ ንጹሕ መስመር በማግኘትህ ልትመሰገን ይገባል።

የሠርጉ ቪዲዮ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ጥርጣሬህ ዋጋ አለው። 4 ጊጋ ባይት ማለት 32,000,000,000 ቢት ነው። በሰከንድ 10,000,000 ቢት ቢሄድ በ3,200 ሰከንድ፣ በ53 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያልቃል። የአድራሻውንና የክፍተቱን ጭማሪ አክለህ 56 ደቂቃ በለው። አንተ ግን ማታ አስጀምረህ ሲነጋ ነው ያልከኝ። ስለዚህ ወደ ኋላ አሰላሁት፤ ፍጥነቱ 1 ሜጋ ቢት በሰከንድ ቢሆን 32,000 ሰከንድ ይፈጃል፤ 8 ሰዓት ከ53 ደቂቃ። ያንተ ሌሊት ልክ ይኼው ነው! አንተ የምትለካው የማውረጃውን ፍጥነት ነው፤ ሥራህ የሚሠራው ግን በመላኪያው ነው። በብዙ ውል ላይ ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ አንዳንዱ መስመር ለማውረድ አሥር፣ ለመላክ አንድ ብቻ ይሰጣል። የፍጥነት መለኪያው ሁለቱንም ለየብቻ ያሳይሃል፤ ሁለተኛውን ቁጥር አይተኸው አታውቅም ብዬ እገምታለሁ። ውልህን አውጣና የመላኪያውን ፍጥነት ፈልግ። 10 ተብሎ 1 ከሆነ ያን ጊዜ ደብዳቤ ጻፍ፤ ደብዳቤህንም በሜጋ ቢት ጻፈው። 1 ተብሎ 1 ከሆነ ግን የሚያስፈልግህ ጠበቃ ሳይሆን ሌላ ፓኬጅ ነው፤ ወይም ለጊዜው ቪዲዮውን አሳንሰህ መላክ።

ከቢ ሳልወጣ ስለ “ኤም” አንድ ነገር ልጨምር። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ማስታወቂያ ላይ “10” ተብሎ ከጎኑ በትንሿ “ኤም” እና በትንሿ “ቢ” የተጻፈ ፍጥነት አይቻለሁ። በመለኪያ ሕግ ትልቋ “ኤም” ሜጋ፣ ሚሊዮን ናት፤ ትንሿ ግን ሚሊ ናት፣ የሺህ አንድ እጅ። ማስታወቂያውን እንደ ተጻፈው ብናነበው አንዲት ቢት ለማድረስ 100 ሰከንድ ይፈጅበታል። የእኛ ፊደል አንዱ በኮምፒውተር ሲላክ አብዛኛውን ጊዜ 3 ባይት፣ ማለትም 24 ቢት ይይዛል። በዚያ መስመር አንዷ ፊደል በ40 ደቂቃ ትደርሳለች፤ “ሰላም” ለማለት ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል።

ከደብረ ማርቆስ፣ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ

“በትምህርት ክፍል ‘ኢ1’ የሚባለው መስመር 2.048 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው ተባልን። ለምን ድፍን 2 አልሆነም? አራቱ ሲደመሩ 8.192 መሆን ሲገባው መጽሐፉ 8.448 ይላል። ‘ኤስቲኤም 1’ ደግሞ 155.52 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ከመሸምደድ በቀር መንገድ የለም?”

አለ እንጂ! አንተ ልጅ፣ ወጣትነቴን የበላው ይህ ጥያቄ ነው። ሁሉም ቁጥሮች የሚፈልቁት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ከሰው ድምፅ።

የስልክ ድምፅ እስከ 3,400 ኸርትዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) ያለውን ክፍል ብቻ ያስተላልፋል፤ ትንሽ መጠባበቂያ ተጨምሮ 4,000 ይያዝለታል። ድምፁን ወደ ቁጥር ለመለወጥ ከከፍተኛው ድግግሞሽ በእጥፍ ናሙና መውሰድ፣ ማለትም ድምፁን በየቅጽበቱ መለካት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በሰከንድ 8,000 ናሙና። እያንዳንዱ ናሙና በ8 ቢት ይጻፋል። 8,000 በ8 ሲባዛ 64,000 ነው፤ አንድ የስልክ ጥሪ 64 ኪሎ ቢት በሰከንድ። እዚህ ላይ ልብ በል፤ 64 ኪሎ ማለት ድፍን 64,000 ነው እንጂ 65,536 አይደለም። ብዙ ተማሪ 64ን ሲያይ የኮምፒውተሩ 1,024 ትዝ ይለውና ይሳሳታል።

አሁን 32 እንዲህ ያሉ ጥሪዎችን በአንድ መስመር ላይ ተራ በተራ አሰልፋቸው፤ ሁሉም አንድ አንድ ናሙና ሲያሳልፉ አንድ ዙር በለው። 32 በ64,000 ሲባዛ 2,048,000 ነው። ይኼው ኢ1። ቁጥሩ የሁለት እርከን (ሁለትን በሁለት ደጋግሞ የማባዛት ውጤት) ይመስላል፤ ነገር ግን 2.048 ሜጋ እዚህ ላይ በአሥር ቤት የተቆጠረ ነው። ከ32ቱ ክፍሎች ድምፅ የሚሸከሙት 30 ናቸው። ዜሮኛው ክፍል ለማመሳሰል ነው፤ በውስጡ አንድ ዙር እየዘለለ የሚደጋገም የታወቀ ምልክት አለ፤ 0011011። ይህን ቁጥር ከመታወቂያዬ ቁጥር ይልቅ አስታውሰዋለሁ። ተቀባዩ መሣሪያ ይህን ምልክት ሲያጣ የክፍሎቹ መጀመሪያና መጨረሻ ይጠፋበትና ሠላሳውም ጥሪ ባንድ ጊዜ ይቋረጣል፤ ቀዩ መብራት ይበራል፤ እኔም ከአልጋዬ እነሣለሁ። አሥራ ስድስተኛው ክፍል ማን ለማን እንደ ደወለ፣ ማን እንዳነሣ የሚነገርበት ነው።

አሜሪካኖች ሌላ መንገድ ሄዱ። 24 ጥሪ ወሰዱና በየዙሩ አንዲት የማመሳሰያ ቢት ጨመሩ። 24 በ8፣ ሲደመር 1፣ 193 ቢት። በ8,000 አባዛው፤ 1,544,000። “ቲ1” የሚሉት 1.544 ይህ ነው። እንግዲህ “ስንት ቲ1 ስንት ኢ1 ይሆናል?” ብለህ ሜጋ ቢቱን ብቻ አካፍለህ ብትመልስ ሒሳብህ ልክ ሆኖ መልስህ ለጥሪ ቆጣሪው አይጠቅመውም፤ በጥሪ ብዛት አምስት ቲ1 ከአራት ኢ1 ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱም 120።

የ8.448 ነገር ብልሃት አለበት። አራት ኢ1 ከአራት ከተሞች ሲመጡ ሰዓታቸው አንድ ዓይነት አይመታም። ደንቡ በሚሊዮን 50 ያህል ፈቀቅ ማለትን ይፈቅዳል፤ ይህ በኢ1 ላይ በሰከንድ 100 ቢት ግድም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው። አራቱን በአንድ መስመር ለማሰለፍ ለፈጣኑም የሚበቃ ቦታ መተው፣ ለዘገምተኛውም የመሙያ ቢት መጨመር ያስፈልጋል፤ የማመሳሰያ ምልክትም አለ። የ256 ኪሎ ቢቱ ልዩነት ለዚህ ይውላል። አራት 8.448 ተሰልፎ 33.792 ሳይሆን 34.368 የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በአራት እያባዛህ ወደ ላይ መውጣት አይቻልም።

ኤስቲኤም 1 የመጣው ይህን ጣጣ ለመገላገል ነው። ሰዓቱን ሁሉ አንድ አደረጉትና በየዙሩ 9 ረድፍ በ270 ዓምድ፣ 2,430 ባይት የሚላክበት ሥርዓት ሠሩ። ዙሩ አሁንም በሰከንድ 8,000 ነው፤ የድምፁ ናሙና እስከዚህ ተከትሎን መጥቷል። 2,430 በ8፣ እንደገና በ8,000 ሲባዛ 155,520,000። ከዚህ በኋላ ወደ ላይ ስትወጣ ማባዛት ብቻ ነው፤ በአራት 622.08፣ በአሥራ ስድስት 2,488.32፣ በስድሳ አራት 9,953.28። የመጨረሻውን ሰዎች አጠጋግተው “አሥር ጊጋ” ይሉታል። በአንድ ኤስቲኤም 1 ውስጥ 63 ኢ1 ይገባል፤ በጥሪ ሲመነዘር 1,890።

ፈተና ላይ ቁጥሩ ቢጠፋብህ ለ8,000 የሚካፈል መሆኑን አይ። በእነዚህ ውስጥ ያለምንም ቀሪ የማይካፈል ካገኘህ በርግጥ ተሳስተሃል።

ከእንጅባራ፣ የኮምፒውተር መምህርት

“አንድ ሜጋ ቢት በሰከንድ ስንት ኪሎ ቢት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ግማሹ ክፍል 1,000፣ ግማሹ 1,024 አለ። እኔ 1,000 የሚለውን ልክ አልኩ። አንድ ወላጅ ቅሬታ አቀረቡ።”

መምህርት፣ በእርምትዎ ይጽኑ። በመረጃ ማስተላለፊያ ፍጥነት ኪሎ 1,000 ነው፣ ሜጋ 1,000,000 ነው፣ ጊጋ 1,000,000,000 ነው። የ1,024 ልማድ የመጣው ከኮምፒውተር የማስታወሻ ክፍል ነው። እዚያ የአድራሻ መስመር አንድ በተጨመረ ቁጥር ቦታው እጥፍ ስለሚሆን 10 መስመር 1,024 ቦታ ይሰጣል፤ ለ1,000 ስለቀረበም “ኪሎ” ተባለ። ሽቦና ፋይበር ግን አድራሻ የላቸውም፤ ፍጥነታቸው የሚወሰነው በሚመታው ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ በኸርትዝ ይቆጠራል፣ ኸርትዝ ደግሞ ሁልጊዜ በአሥር ቤት ነው።

የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ለ1,024ቱ ቤተሰብ ለብቻው ስም አወጣለት፤ ኪቢ፣ ሜቢ፣ ጊቢ። ስሙ ባለሙያዎች ዘንድ ገባ፤ ገበያ ላይ ግን አልገባም፤ ፍላሽ ሻጩን “አንድ 128 ጊቢ ባይት ስጠኝ” ቢሉት ግራ ይገባዋል። ልጆቹ ልዩነቱን በዓይናቸው እንዲያዩት ግን ይኸው ፍላሽ ይበቃል። 128 ጊጋ ባይት የተባለው ፍላሽ ብዙ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 119 ይላል። ሠሪው በ1,000 ቆጥሮ 128,000,000,000 ባይት ሰጥቷል፤ ኮምፒውተሩ በ1,024 ቆጥሮ ያነብበዋል። በኪሎ ላይ 2.4 ከመቶ የነበረው ልዩነት በሜጋ ወደ 4.9፣ በጊጋ ወደ 7.4፣ በቴራ ወደ 10 ከመቶ ይጠጋል። ወላጁ ቅሬታቸውን ከቀጠሉ ፍላሻቸውን ይዘው ይምጡ።

ከደብረ ኤልያስ፣ የቅኔ ተማሪ

“የኔታ ሲያስተምሩ በስልኬ ቀርጬ ከተማ ለሄዱ ባልንጀሮቼ እልካለሁ። የአንድ ሰዓቱ ቅጂ 635 ሜጋ ሆነብኝ። አንድ ጊጋ ገዝቼ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆነውን ልኬ አለቀ። ምን ላድርግ?”

635 የሚለውን ሳነብ ችግርህን ወዲያው አወቅሁት። ይህ ያልታመቀ፣ በሙዚቃ ሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ 16 ቢት፣ በግራና በቀኝ ሁለት ጊዜ፤ 1,411,200 ቢት በሰከንድ። በ3,600 ሰከንድ አባዝተህ ለ8 ስታካፍል 635 ሜጋ ባይት ነው። የኔታ አንድ ናቸው፤ በግራና በቀኝ መቀዳት አያስፈልጋቸውም።

የመቅጃውን መቼት ክፈትና ድምፁን ነጠላ፣ አቀማመጡን የታመቀ፣ ፍጥነቱን 64 ኪሎ ቢት በሰከንድ አድርገው። ለንግግር 32ም ይበቃል፤ እኔ ግን ቅኔ ከሆነ 64 ይሻላል እላለሁ፤ የሚጠብቀውና የሚላላው ጠፍቶ ባልንጀሮችህ የየኔታን ነገር አጣመው እንዳይሰሙ።

ለስሌቱ አጭር መንገድ ልስጥህ። ኪሎ ቢት በሰከንድ የተባለውን በ0.45 አባዛው፤ የአንድ ሰዓቱን ሜጋ ባይት ይሰጥሃል። 64 በ0.45፣ 28.8 ሜጋ ባይት። በአንዱ ጊጋህ ከ34 ሰዓት በላይ ትልካለህ። በ32 ከሆነ እጥፉን። ደግሞ “ጊጋ” ብለህ የገዛኸው መጠን ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም፤ ቀስ ብለህ ብትልከውም ፈጥነህ ብትልከውም እኩል ያልቃል። ሌሊት መስመሩ ሲቀዘቅዝ ብልክ ይተርፈኛል የሚሉህን አትስማ፤ የሚተርፍህ ጊዜ ብቻ ነው። የየኔታን ፈቃድ ጠይቀህ እንደምትቀዳ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሞጣ፣ ጡረተኛ

“እኛ በቴሌክስ ዘመን ‘50 ቦድ’ እንል ነበር። አሁን የልጅ ልጆቼ በሜጋ ሲያወሩ ቦዱ ወዴት እንደ ሄደ አላውቅም። ቦድና ቢት አንድ ናቸው?”

አባቴ፣ በእርስዎ ማሽን ላይ አንድ ነበሩ፤ በኋላ ተለያዩ። ቦድ በፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ በኤሚል ቦዶ ስም የተሰየመ ሲሆን የሚቆጥረው በመስመሩ ላይ ምልክቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ነው። በቴሌክስ (ጽሑፍን በሽቦ ከማሽን ወደ ማሽን በሚልከው) እያንዳንዱ ምልክት ወይ አለ ወይ የለም፤ ስለዚህ አንድ ምልክት አንድ ቢት ነበር፤ 50 ቦድም 50 ቢት በሰከንድ። አንዱ ፊደል 5 ቢት፣ ከፊቱ መነሻ አንድ፣ ከኋላው ማቆሚያ አንድ ተኩል፣ በድምሩ 7.5 ይወስዳል። 50ን ለ7.5 ሲያካፍሉት በሰከንድ 6.67፣ በደቂቃ 400 ፊደል። ጣትዎ ከዚያ ቢፈጥን ማሽኑ እሺ አይልዎትም ነበር።

በኋላ መሐንዲሶቹ በአንዱ ምልክት ላይ ብዙ ቢት መጫን ቻሉ። በስልክ መስመር ይሠራ የነበረው 28,800 ቢት በሰከንድ የሚባለው ሞደም የሚለዋወጠው በሰከንድ 3,200 ጊዜ ነበር፤ በየምልክቱ 9 ቢት ይጭናል። ያኔ “28,800 ቦድ” እያሉ የሚሸጡ ሱቆች ነበሩ፤ ስሕተት ነው። ቦድን ወደ ቢት ለመመንዘር የግድ በአንዱ ምልክት ስንት ቢት እንደተጫነ ማወቅ አለብዎት፤ ያለዚያ መመንዘር አይቻልም። ለልጅ ልጆችዎ ግን እንዲህ ይበሏቸው፤ የ10 ሜጋው መስመራቸው የእርስዎን 200,000 ቴሌክስ በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚረባ መልእክት ስንት እንዳለ ይጠይቋቸው።

ከፍኖተ ሰላም፣ የኢንተርኔት ቤት ባለቤት

“መስመሬ 20 ሜጋ፣ ኮምፒውተሮቼ 12 ናቸው። ራውተሩ ላይ 300 ሜጋ ተጽፏል፤ ደንበኞች ግን ቀርፋፋ ነው ይላሉ። 600 የሚል ራውተር ልግዛ?”

አትግዛ። ራውተሩ ላይ የተጻፈው 300 በራውተሩና በኮምፒውተሮችህ መካከል በአየር ላይ ያለው ከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ እሱም በወረቀት ላይ የተሰላ። ወደ ውጭ የሚወጣው ግን ያው 20 ነው። አሥራ ሁለቱም እኩል ቢያወርዱ ለእያንዳንዱ 1.67 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይደርሰዋል፤ ለ8 ስታካፍለው 208 ኪሎ ባይት። ሦስቱ ብቻ ቢሠሩ ለየአንዳንዱ 6.67 ሜጋ ቢት። አንዱ ደንበኛ ትልቅ ፊልም እያወረደ ከሆነ ግን እኩል መካፈል አይኖርም፤ እሱ ብቻውን አብዛኛውን ይወስዳል። ብዙ ራውተሮች ለአንድ ኮምፒውተር የፍጥነት ጣሪያ ማበጀት ያስችላሉ። 3 ሜጋ ቢት በሰከንድ ላይ ገድበው። ማስገቢያው ሣጥን በኪሎ ቢት የሚጠይቅ ከሆነ 3,000 ጻፍ፤ በኪሎ ባይት ከሆነ 375። ከማስቀመጥህ በፊት መለኪያው የትኛው እንደሆነ ከሣጥኑ ጎን አንብብ፤ ኪሎ ባይት በሚጠይቀው ላይ 3,000 ብትጽፍ 24 ሜጋ ቢት ፈቅደህለታል፤ መስመርህ ደግሞ ሲጀመር 20 ነው።